«ቴኔት» ምን ይይዛል?

አንድ የኪነ ጥበብ ሥራ ለመረዳት ማስቸገሩ ብቻውን ጉድለቱም ክብሩም ሊሆን አይችልም። ቅኔም ያስቸግራል፤ ነገር ግን የቅኔ ቤት ተማሪ ከአንዲት ቃል ጋር ሲታገል የሚያድረው ከሰሙ ሥር ወርቅ እንዳለ ስለሚያምን ነው። ወርቁን ባገኘ ጊዜም ድካሙን ይረሳዋል። ወርቁ ሳይገኝ የቀረ እንደ ሆነ ግን ሌላ ጥያቄ ይነሣል፤ አድማጩ ነው ያልደረሰበት ወይስ ባለቅኔው ነው ያልቀበረው? እ.ኤ.አ. በ2020 ለሕዝብ የቀረበውና «ቴኔት» የተሰኘው የክሪስቶፈር ኖላን የሳይንስ ልብ ወለድና የስለላ ፊልም የዓለምን ሐያስያን ለሁለት የከፈለው በዚሁ ጥያቄ ነው።

ፊልሙ ከ200 ሚሊዮን ዶላር ያላነሰ ወጪ እንደ ወጣበት ተነግሯል። በሰባት አገሮች ተቀርጿል፤ አንድ እውነተኛ ቦይንግ 747 አውሮፕላን ከሕንፃ ጋር እንዲጋጭ ተደርጎለታል። የኮሮና ወረርሽኝ የሲኒማ አዳራሾችን በዘጋበት ወቅት የመታያ ቀኑ በተደጋጋሚ ከተላለፈ በኋላ በነሐሴ ወር ወጣ። ያስገባው ገንዘብ ከ360 ሚሊዮን ዶላር በላይ ቢሆንም፣ አዳራሾች ድርሻቸውን ካነሡ በኋላ ወጪውን ለመሸፈን የሚበቃ አልነበረም። በ2021 በምስል ቅንብር የኦስካርን ሽልማት አግኝቷል።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ስም ያልተሰጠው፣ «ባለ ታሪኩ» እየተባለ ብቻ የሚጠራ የስለላ ሰው (ጆን ዴቪድ ዋሽንግተን) ጊዜ ወደ ኋላ የሚፈስባቸው ዕቃዎች ከመጪው ዘመን እየተላኩ መሆናቸውን ይደርስበታል። ጥይቱ ከግድግዳው ወጥቶ ወደ አፈሙዙ ይመለሳል፤ የተገለበጠው መኪና ተነሥቶ ወደ ኋላ ይነዳል። የዚህ ሁሉ አገናኝ ሳቶር (ኬኔት ብራናህ) የተባለ የጦር መሣሪያ ነጋዴ ነው። በሽታ ሊገድለው ስለ ተቃረበ ዓለምም አብራው እንድትጠፋ ይፈልጋል። ሚስቱን ካትን (ኤሊዛቤት ዴቢኪ) ደግሞ በልጇ ምክንያት አስሮ ይዟታል።

ያመሰገኑት ሐያስያን ድፍረቱን አመሰገኑ። በኮምፒዩተር ሥዕል ከመታመን ይልቅ ነገሩን በእውን ሠርቶ ማሳየቱ፣ ከሁለት አቅጣጫ የሚፈሰው ጊዜ በአንድ ትዕይንት ላይ ሲገጣጠም የሚሰጠው ድንጋጤ፣ የሉድቪግ ዮራንሶን ሙዚቃም እንዲሁ ተወደሰ። የነቀፉት ደግሞ ሦስት ነገር አነሡ፤ ንግግሩ በድምፅና በሙዚቃ ተውጦ አይሰማም፤ ገጸ ባሕርያቱ ቀዝቃዛ ናቸው፤ ካት ከእናትነቷና ከተበዳይነቷ በቀር ሌላ ሰብእና አልተሰጣትም። በፊልሙ መጀመሪያ አካባቢ አንዲት ሳይንቲስት ለባለ ታሪኩ ነገሩን ለመረዳት ከመድከም ይልቅ በስሜት እንዲቀበለው ትመክረዋለች። ደጋፊዎቹ ይህን ለተመልካች የተሰጠ መመሪያ አድርገው ተቀበሉት፤ ተቃዋሚዎቹም «የምንቀበለው ስሜት የት አለ?» ሲሉ መለሱ።

ክርክሩን ወደ ፍሬው የሚያደርሰው የፊልሙ ስም ነው። «ቴኔት» የተወሰደው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ከሚነበብ ባለ አምስት ቃል የላቲን አራት ማዕዘን ነው፤ ሳቶር፣ አሬፖ፣ ቴኔት፣ ኦፔራ፣ ሮታስ። በ79 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በእሳተ ገሞራ በተቀበረችው በፖምፔይ ከተማ ተጽፎ ተገኝቷል። ኖላን አምስቱንም አስገብቷቸዋል። ሳቶር ክፉው ነጋዴ ነው፤ አሬፖ ሥዕል አስመስሎ የሚሠራ፣ በመድረክ የማይታይ ሰው ነው፤ ታሪኩ በኦፔራ ቤት ይጀመራል፤ ሮታስ የጥበቃ ድርጅት ስም ነው።

እነዚህ ቃላት ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደሉም። በክርስቶስ ላይ የተመቱትን አምስቱን ቅንዋት ቤተ ክርስቲያን ሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራ፣ ሮዳስ ብላ ትጠራቸዋለች። በጸሎት መጻሕፍት ይነበባሉ፤ ደብተራው በክታቡ ላይ ይጽፋቸዋል። የቋንቋና የታሪክ ሊቃውንት እንዳሳዩት ምንጫቸው ያው የላቲኑ አራት ማዕዘን ነው። «ቴኔት» እንግዲህ «ዳናት» መሆኑ ነው። ይህ የቅንዋት ስም ደግሞ ከወሎ ይልቅ የሚቀርበው ምድር የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአምባሰል ወረዳ በምትገኘው በግሸን አምባ ግማደ መስቀሉ እንዳረፈ ትውፊቱ ይናገራል፤ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ምእመናን ከየአቅጣጫው ገደሉን እየወጡ የሚሰበሰቡት ስለዚሁ ነው። ከአምባው ወዲህ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ምእት ዓመት ደቀ መዛሙርት ሰብስበው መጻሕፍት አጽፈዋል።

ልብ ሊባል የሚገባው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። በላቲን «ቴኔት» ማለት «ይይዛል» ማለት ነው። ቃሉ ወደ ግእዝ ሲሻገር ትርጉሙ ጠፋ፤ ቅርጹ ተሰበረ፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም መነበቡ ቀረ። ሆኖም ቃሉ አንድ ነገር ያዘ፤ የሰውን ሥጋ ከእንጨት ጋር ያያዘ የችንካር ስም ሆነ። ግሸን የሚወጣው ምእመን ላቲን አያውቅም፤ ቃሉ የተሸከመውን ሥቃይ ግን ያውቃል። ኖላን በአንጻሩ ቅርጹን መልሶ አቆመው፤ ጥበቡን ሁሉ ፊትና ኋላው እንዲገጥም አዋለው። ችንካሩ ተስሏል፤ በችንካሩ የተያዘው ሥጋ ግን የሳሳ ነው።

ፈጽሞ የለም ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በፍጻሜው ላይ ኒል የተባለው ጓደኛ (ሮበርት ፓቲንሰን) ሊሞትበት ወዳለው ቦታ እያወቀ ሲመለስ፣ ለባለ ታሪኩ የወዳጅነታቸው መጀመሪያ የሆነው ሰዓት ለኒል መጨረሻው መሆኑ ይገለጣል። ጊዜን መገልበጥ የሒሳብ ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ የስንብት ኀዘን የሚሆነው በዚህች አጭር ትዕይንት ነው። ወርቅ አለ ማለት ነው፤ ነገር ግን ከሁለት ሰዓት ተኩል ሰም በኋላ የተገኘ ጥቂት ወርቅ ነው።

የንግግሩ አለመሰማት ጉዳይም እንደ ገና መመርመር ይገባዋል። በኢትዮጵያ ከተሞች በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ያደገ ትውልድ ቋንቋቸውን የማያውቃቸውን የህንድና የአሜሪካ ፊልሞች ተከታትሎ አልቅሷል፤ ስቋል። ቃሉን ባይሰማም ማን ማንን እንደሚወድ፣ ማን ምን እንደ ተነጠቀ ከፊትና ከድርጊት ያነብብ ነበር። ስለዚህ ድምፁ ተሰማ አልተሰማ የሚለው ሁለተኛ ጥያቄ ነው። አንደኛው፣ ቃሉ ቢጠፋ ከፊቱ ላይ የሚነበብ ምክንያት አለ ወይ የሚለው ነው። «ቴኔት» በብዙ ቦታ ከዚህ ፈተና ያልወጣው ባለ ታሪኩ ከተልእኮው በቀር የሚያጣው ነገር ስላልተሰጠው ነው።

የስለላ ታሪክ ያለ ብዙ ወጪ እንዴት ልብ እንደሚሰቅል ለማየት ከግሸን መራቅ አያስፈልግም። አምባዋ የነገሥታት ልጆች በዙፋን እንዳይሻሙ የሚጠበቁባት ስፍራ ነበረች። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ከመሳፍንቱ ደብዳቤ አውጥቷል የተባለ አንድ መነኩሴ ከጠባቂዎቹ ጋር ወደ ንጉሡ ሰፈር ተወስዶ በየሁለት ቀኑ ሲገረፍ እንዳየ ጽፏል። ጥያቄው አንድ ነበር፤ ደብዳቤውን ማን ሰጠህ? ገደል፣ ዘበኛ፣ አንዲት ብራና፣ አፉን የዘጋ ሰው፤ ይህ ብቻ ይበቃል። ተመልካቹ የሚያጣውንና የሚያተርፈውን ወዲያው ያውቃል።

በዘመናችንም ቢሆን በኢትዮጵያዊ ተዋናይ የተሠራ የሳይንስና የስለላ ፊልም አለ። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ በ2015 «ክራምብስ» በተሰኘው ፊልሙ ዳንኤል ታደሰንና ሰላም ተስፋዬን ከፍጻሜ ዘመን በኋላ በኢትዮጵያ ምድር ላይ አሳይቶ ነበር፤ በዚያ የፕላስቲክ መጫወቻዎች እንደ ቅርስ ይከበራሉ። በ2019 ደግሞ «ኢየሱስ ወደ አውራ ጎዳናው የሚወስደውን መንገድ ያሳይሃል» በሚል ረዥም ርእስ ዳንኤልን የአሜሪካ ሰላይ አድርጎ አቀረበው። ሰላዩ ሥራውን ትቶ ከሚስቱ ጋር መኖር ይሻል፤ ነገር ግን የስታሊንን ፊት ጭምብል ያደረገ የኮምፒዩተር ቫይረስ ሲያሳድድ በኮምፒዩተሩ ዓለም ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ፊልሙ በርካሽ ጭምብልና ሆን ተብሎ በማይገጥም ድምፅ የተሠራ፣ ቀልዱም አንዳንዴ ከልክ ያለፈ ነው። ያም ሆኖ ቤቱ መግባት የሚፈልግ ሰው አለበት፤ ተመልካችም ግራ እየተጋባ ይከተለዋል። ከፊሉ የተቀረጸው ኖላን ዋና ዋና ትዕይንቶቹን በቀረጸባት በኤስቶኒያ መሆኑም የሚያስገርም አጋጣሚ ነው።

ከዚህ ሁሉ ለአገራችን ጸሐፌ ተውኔትና የፊልም ደራሲ የሚተርፈው ትምህርት ገንዘብ ከንቱ ነው የሚል መጽናኛ አይደለም፤ ገንዘቡ ቢኖር ብዙ ይሠራ ነበር። ምሥጢር ሲደበቅ ለማን እንደሚደበቅና ሲገለጥ ማንን እንደሚጎዳ አስቀድሞ ማወቅ ግን ገንዘብ የማይገዛው የደራሲው ድርሻ ነው። የሳይንስ ልብ ወለድ ከእኛ ባህል የራቀ ነው የሚለውም አስተያየት በዚሁ ይወድቃል፤ የሆሊውድ ትልቁ ደራሲ የተመራመረበት ቃል ለስንት ዘመን በክታባችን ተጽፎ ኖሯልና። የቀረው ሥራ ዳናትን ከክታቡ አውጥቶ በመድረክ ላይ መትከልና የሚይዘውን ሰው መስጠት ነው።