፩ የት ይጻፋል? የት ይተዋል?

ቁጥርን ወደ ጽሑፍ ከሚቀይሩ ኮዶች መካከል፣ ወደ ግዕዝ አኃዝ የሚለውጠውን ያህል የማደንቀው የለም። የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብሊው ስሪ ሲ በሲኤስኤስ የቁጥር አጻጻፍ ደንቡ ውስጥ አስፍሮታል። ርዝመቱ ጥቂት መስመር ነው።

ከሩቅ ሲያዩት ሥራው ቀላል ይመስላል። ለሂንዲ አኃዝ እያንዳንዱን ምልክት በአቻው መተካት ይበቃል። ግዕዝ ግን ዜሮ የለውም። ዩኒኮድ በ1999 እ.ኤ.አ. ያስገባቸው ምልክቶች 20 ናቸው፦ ከ፩ እስከ ፱፣ ከ፲ እስከ ፺፣ ከዚያም ፻ እና ፼። 2016ን ምልክት በምልክት ልተካ ያለ ፕሮግራመር ገና ሁለተኛው ላይ ይቆማል።

ስለዚህ ደንቡ ቁጥሩን ከቀኝ ጀምሮ በጥንድ በጥንድ ይከፍለዋል። 2016 ወደ 20 እና 16 ይከፈላል፤ ፳ ፻ን ያስከትላል፣ ፲፮ ይከተላል፣ ፳፻፲፮ ይሆናል። ጥንዶቹ ከበዙ ከቀኝ ሁለተኛው ፻፣ ሦስተኛው ፼፣ አራተኛው እንደገና ፻ እያሉ ይፈራረቃሉ። 00 የሆነ ጥንድ በ፻ ተራ ላይ ከዋለ ከነምልክቱ ይጠፋል። በ፼ ተራ ላይ ከዋለ ግን ፼ አይነካም፤ በግራው ያለውን ሁሉ የሚያበዛው እሱ ነውና። ሚሊዮን ፻፼ ተብሎ የሚጻፈው በዚህ ምክንያት ነው።

እጅግ የሚያስደንቀኝ ግን የ፩ አያያዝ ነው። መቶ ፻ እንጂ ፩፻ አይባልም፤ ስለዚህ በ፻ ፊት ብቻውን ያለው ፩ ሁልጊዜ ይተዋል። ባዶ ጥንድ ፻ን ይዞ ስለሚጠፋ፣ ብቻውን የቆመ ፻ አንድ መቶ ከመሆን ሌላ ትርጉም የለውም። ፼ ግን እንዲህ አይታመንም። 78,000,000 ፸፰፻፼ ነው፤ 78,010,000 ደግሞ ፸፰፻፩፼። መሐል ያለችው ፩ ብትጣል አሥር ሺህ ያለ ምልክት ይጠፋል፤ ገንዘብ ቢሆን አሥር ሺህ ብር ነው። ደንቡ ፩ን ከ፼ ፊት የሚተወው በቁጥሩ መጀመሪያ ላይ ብቻ ነው፤ መጀመሪያው ጥንድ መቼም ባዶ ስለማይሆን እዚያ የሚያደናግር ነገር የለም።

የሠሪዎቹን ጥንቃቄ የሚያሳየው ደግሞ የመጀመሪያው መስመር ነው፦ ቁጥሩ 1 ከሆነ ፩ን መልስ። ይህ መስመር ባይኖር፣ መሪ የሆነን ፩ የሚያነሳው ሕግ 1ን ራሱን አጥፍቶ ባዶ ቦታ ይመልስ ነበር። ብዙ ሰው በመጨረሻ የሚያስታውሰውን እዚህ ፊት ላይ አስቀምጠውታል።

የግዕዝ ቁጥር የሚያሳይ መተግበሪያ የምትሠሩ ሁሉ፣ ኮዳችሁን በዓመተ ምሕረት ብቻ አትፈትኑት። 1ን፣ 100ን፣ 10,100ን፣ 1,000,000ን እና 78,010,092ን ስጡት። የመጨረሻው ፸፰፻፩፼፺፪ ሆኖ ካልወጣ ኮዱን ለተጠቃሚ አትልቀቁት።