ነጩ ቅርፊትና የማይታየው

ድሬዳዋ ውስጥ የማኪያቶ ማሽን የሚጠግን ሰው ከብረቱ በፊት ተራራውን ማወቅ አለበት። ከተማዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከሐረርጌ ደጋ ግርጌ ተቀምጣለች። ደጋው ላይ የሚዘንበው ዝናብ ከፊሉ በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ በደራሽ ጎርፍ ያልፋል፤ ከፊሉ ወደ መሬት ይሰርጋል። የሰረገው ውሃ ከአፈሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ደካማ አሲድ ይሆናል፤ የኖራ ድንጋይ ሲያገኝም ካልሲየሙን እያሟሟ ይዞት ይወርዳል። በጣሊያን ወረራ ዘመን እዚህ የተተከለው የሲሚንቶ ፋብሪካ ጥሬ ዕቃ ይኸው ድንጋይ ነው። ከጉድጓድ ስበን የምንጠጣው ውሃም በእሱ ውስጥ አልፎ የመጣ ነው።

በውሃ ውስጥ ያለው ካልሲየምና ማግኒዥየም የሚለካው በሊትር ስንት ሚሊግራም ካልሲየም ካርቦኔት ይሆናል ተብሎ ነው። እስከ 60 ለስላሳ፣ ከ180 በላይ በጣም ከባድ ይባላል። አዲስ አበባ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የምታገኘው ውሃ በእሳተ ገሞራ አለት ላይ የወረደ ዝናብ ስለሆነ ለስላሳ ነው። የእኛ ከከባዱ ወገን ነው። አንድ ዓይነት ማሽን በሁለቱ ከተሞች እኩል ዕድሜ የማይኖረው ለዚህ ነው።

ካልሲየሙ ውሃው ቀዝቃዛ ሳለ አይታይም። ሲሞቅ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣና ነጭ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። ወተት ለማፍላት የምንከፍተው እንፋሎት ማዕድኑን ቦይለሩ ውስጥ ጥሎ ይወጣል፤ በቦታው የሚገባው ውሃ ደግሞ ሌላ ይጨምርበታል። ውሃው በሊትር 300 ሚሊግራም ቢኖረው፣ በቀን 100 ሊትር የሚያሞቅ ቤት በወር ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ድንጋይ ወደ ማሽኑ ያስገባል ማለት ነው። ሁሉም ባይጣበቅ እንኳ የሚጣበቀው ይበቃል።

ቅርፊቱ ውሃውን የሚያሞቀውን ሬዚስታንስ ሲሸፍነው ሙቀቱ ወደ ውሃው መድረስ ያቅተዋል፤ መብራት ይበላል፣ ቆይቶም ይቃጠላል። የውሃውን ልክ የሚያየውን ዘንግ ሲሸፍነው ማሽኑ ውሃ ያለቀ መስሎት ቦይለሩን ያጥለቀልቀዋል። ከሁሉም የምፈራው ግፊት ሲበዛ የሚተነፍሰውን ቫልቭ ነው። እሱ ከተደፈነ አደጋው ለሰው ይተርፋል። ስለዚህ የተጠራሁት ለሌላ ብልሽት ቢሆንም መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

ድንጋዩን በመዶሻ የሚያራግፉ አሉ፤ መዳቡን ይጎዳል። የባትሪ አሲድ የሚጠቀሙም አሉ፤ እሱ ብረቱን ከመብላቱ በላይ ካልሲየሙን በቀላሉ ወደማይሟሟ ጂፕሰም ይለውጠዋል። እኔ የማምነው የሲትሪክ አሲድ ዱቄትን ነው፤ ለትንሽ ማንቆርቆሪያ አቼቶም ይበቃል። ድንጋዩን ሲነካው ይንፋሸካል። ፍሽክታው ሲቆም ግን ሥራው አልቋል ማለት አይደለም፤ አሲዱ ደክሞ ሊሆን ይችላል። አዲስ ተጨምሮም ዝም ካለ ያኔ ጸድቷል፤ ከዚያ ደጋግሞ ማጠብ ነው። በረኪና ግን አጠገቡ አይድረስ፤ ከአሲድ ጋር ሲቀላቀል የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

የተሻለው መንገድ ድንጋዩን ከበር መመለስ ነው። ሬዚን ያለበት ማጣሪያ ካልሲየሙን ይዞ በምትኩ ሶዲየም ይለቃል፤ ሲጠግብ በጨው ውሃ ይታደሳል። ጨዉን የሚረሳ ቤት ማጣሪያ እንደሌለው ይቆጠራል። ይህ ማጣሪያ ማሽኑን ያድናል እንጂ ጣዕሙን አያስተካክልም። የሐረር ቡናን ፍሬያማ ኮምጣጣነት የሚያደበዝዘው ባይካርቦኔቱ ነው፤ እሱን ሬዚኑ አይነካውም።

የቤቶቹ ባለቤቶች ነጩን ሲያዩ ይደነግጣሉ። «ወንድሜ፣ ይህን ነው እንዴ ልጆቻችን የሚጠጡት?» ይሉኛል። የዓለም ጤና ድርጅት በካልሲየምና በማግኒዥየም ክብደት ላይ ለጤና ብሎ ያስቀመጠው ወሰን የለም። ሳሙና ያባክናል፣ ማሽን ይገድላል፤ መርዝ ግን አይደለም። ድንጋጤያቸውን አልንቀውም፤ ወደ ናይትሬት እንዲያዞሩት ግን እለምናቸዋለሁ።

ናይትሬት ቀለም፣ ሽታና ቅርፊት የለውም። ከመጸዳጃ ጉድጓዶች እየሰረገ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይገባል፤ በከተማችን ጉድጓዶች ላይ የተደረጉ ምርመራዎችም አግኝተውታል። ድርጅቱ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። ሲበዛ በተለይ በጡጦ የሚያድጉ ጨቅላዎች ደም ኦክስጅን እንዳያደርስ ያደርጋል። ማፍላት አያጠፋውም፤ ውሃው እየተነነ ሲሄድ እንዲያውም ያጠነክረዋል። ማሽን የሚያድነው ሬዚንም አይዘውም።

ስለዚህ ለማሽኑ ማጣሪያ ስተክል ለቤቱ ደግሞ አንድ ነገር እነግራለሁ። በቧንቧችሁ የሚመጣውን ውሃ የናይትሬት ልክ ከውሃ አገልግሎቱ ጠይቁ፤ የራሳችሁ ጉድጓድ ካላችሁ አስመርምሩ። ጨቅላ ያለበት ቤት ልኩ ያልታወቀ ውሃ በጡጦ አይስጥ። ከተማችንም ውጤቱን በየጊዜው በግልጽ ብታወጣና የመጸዳጃ ፍሳሹን ከጉድጓዶቿ ብታርቅ፣ እኔ በአሲድ ላነሳው የማልችለውን አደጋ ከምንጩ ታስቀራለች።