ብርሃኑ ለማን ቆዳ ተሠራ?
ስለ ሞራ ቀዶ ሕክምናና ስለ ዓይን ድርቀት በሚጻፉ ጥናቶች ላይ የቀረበ ሒስ

የዓይን ሞራ ተወግዶ በምትኩ ሰው ሠራሽ ሌንስ ከተተካላቸው ሰዎች መካከል አያሌዎቹ ብርሃናቸው ከተመለሰ በኋላም ዓይናቸው አሸዋ እንደ ገባበት ይቆረቁራቸዋል። ይህን ድርቀት በብርሃን ብልጭታ ለማከም ስለሚደረገው ሙከራ የሚጻፈው ጽሑፍ ከዓመት ወደ ዓመት በዝቷል። ጸሐፊዎቹ በውጤታቸው ደስ ብሏቸዋል፤ ደስታቸው ግን ከማስረጃቸው የቀደመ ይመስለናል።

የእንባችን የላይኛው ሽፋን ቅባት ነው። ቅባቱንም የሚያመነጩት በዓይን ቆብ ጠርዝ ላይ የሚገኙት፣ ጀርመናዊው ሐኪም ሃይንሪሽ ማይቦም በ1666 እ.ኤ.አ. የገለጻቸው ዕጢዎች ናቸው። እነዚህ ሲደፈኑ እንባው ቶሎ ይተናል። መሣሪያው በዜኖን መብራት ከ500 እስከ 1200 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ብርሃን ከዓይን በታች ባለው ቆዳ ላይ ይለቃል፤ በደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ብርሃኑን ውጦ ይሞቃል፤ የሰፉት ጥቃቅን የደም ሥሮችም ተዘግተው የቆቡ መቆጣት ይበርዳል ተብሎ ይታሰባል። (ይህን ሌዘር ብሎ መጥራት ስሕተት ነው።) መሣሪያው አስቀድሞ የቆዳ ሐኪሞች ነበር። ፊታቸው የሚቀላ ሰዎች በዚሁ ሲታከሙ ዓይናቸውም እንደሚሻላቸው ያስተዋለው አሜሪካዊው የዓይን ሐኪም ሮላንዶ ቶዮስ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለዚህ ዓይነቱ ድርቀት አንድ መሣሪያ ፈቅዷል።

ከቀዶ ሕክምና በፊት ድርቀትን ማከም የሚደገፍ ሐሳብ ነው። የሚተካው ሌንስ ኀይል ሲሰላ የኮርኒያ ጥምዝነት ይለካል፤ የእንባው ሽፋን ከተሰባበረ ልኩ ይዛባል። በ2017 እ.ኤ.አ. በታተመ የአሜሪካ ጥናት ሞራቸውን ለማስወጣት ተራ ከያዙ 136 ሰዎች ዓይኖች ከመቶ 77ቱ በቀለም ሲመረመሩ ኮርኒያቸው ተጎድቶ ታይቷል፤ አስቀድሞ ድርቀት አለባችሁ የተባሉት ግን ከመቶ 22 ብቻ ነበሩ።

ክርክራችን ከቀዶው በኋላ ስለሚሰጠው ነው። በቀዶው ምክንያት የመጣ ድርቀት በብዙ ሰዎች ላይ በሦስት ወር ገደማ ውስጥ ራሱ እየቀለለ ይሄዳል። እንግዲህ ማነጻጸሪያ ቡድን የሌለው፣ «በፊት እንዲህ፣ በኋላ እንዲህ» የሚል ጥናት ተፈጥሮ የሠራችውን ለመብራቱ ይሰጣል። ደግሞም ከብልጭታው በኋላ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ዕጢዎቹን በእጁ ጨምቆ ያወጣቸዋል። የፈወሰው ብርሃኑ ነው ወይስ ጣቱ? ማነጻጸሪያው ቡድን እኩል ካልተጨመቀ መልስ የለውም። የኮክሬን መርማሪዎች በ2020 እ.ኤ.አ. በዕጢ መደፈን ላይ የተደረጉ በዕጣ የተደለደሉ ሙከራዎችን ሲሰበስቡ ያገኙት ሦስት፣ ተሳታፊዎቹም በድምሩ 114 ብቻ ነበሩ፤ ስለ ፈዋሽነቱ ቁርጥ ያለ ቃል ለመናገር አልበቃቸውም።

ከዚህ ሁሉ የበለጠው ጉዳይ ቆዳ ነው። ሜላኒን ራሱ ብርሃን ይውጣል። ስለዚህ የቆዳን ዓይነት በስድስት በሚከፍለው በፊትዝፓትሪክ መለኪያ መሣሪያው የተፈቀደው ከአንደኛ እስከ አራተኛ ላሉት ነው፤ አምስተኛና ስድስተኛ፣ ማለትም ጠይምና ጥቁር ቆዳ፣ ለቃጠሎና ለቀለም መለወጥ ስለሚጋለጥ ይቀራል። በ2005 እና በ2006 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከሕዝቡ ከመቶ 1.6ቱ ዓይነ ስውር ሲሆን፣ የግማሹ ያህል ምክንያት ሞራ ነበር። ሞራውን ማስወጣት የሚያስፈልገው አብዛኛው የአገራችን ሰው እንግዲህ ከመሣሪያው ወሰን ውጭ ነው። ጸሐፊዎቹ ግን ይህን በአሠራር ምዕራፋቸው በአንዲት መስመር አልፈው፣ በመደምደሚያቸው «የሞራ ሕመምተኞች» በማለት ሁሉን ይጠቀልላሉ።

በትራኮማ አገር ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የትራኮማ ጠባሳ የቆቡን ውስጠኛ ገጽ ያኮማትራል፤ ዕጢዎቹንም ያጠፋል። የተደፈነውን ዕጢ ብርሃን ይከፍተው ይሆናል፤ በጠባሳ የተተካውን ግን መልሶ አያበቅለውም።

ወደፊት የሚጽፉ ሰዎች የተሳታፊዎቻቸውን የቆዳ ዓይነት በሰንጠረዥ ቢያወጡ፣ ለሁለቱም ቡድን የተሰጠውን ጠብታ ስምና መጠን ቢነግሩን መልካም ነው። ከቀዶ በኋላ በሚታዘዙ ብዙ ጠብታዎች ውስጥ ለማቆያ የሚጨመረው ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ የእንባውን ሽፋን ራሱ ይጎዳልና፣ አንዱ ቡድን ይህን ሲያንጠባጥብ ሌላው ትቶት እንደ ሆነ አንባቢው የሚያውቅበት መንገድ የለም።