ዳንስ የምንለውና ረገዳ የምንለው

«ዳንስ» የሚለው ቃል ወደ አማርኛ ሲገባ አጥር ይዞ ነው የገባው። ጥንት «ዘፈነ» ማለት በጉሮሮ ማዜም ብቻ ሳይሆን በሰውነት መጨፈርም ነበር። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የሄሮድያዳ ልጅ በሄሮድስ ፊት «ዘፈነች» ሲባል፣ ጨፈረች ማለት እንጂ አንጎራጎረች ማለት አይደለም። በአምቦና በአካባቢዋ የሚነገረው አፋን ኦሮሞም «ሲርባ» ሲል ዜማውንም ጭፈራውንም በአንድ ቃል ይጠራል። «ዳንስ» መጣና ነገሩን ለሁለት ከፈለው። ወንድና ሴት ተያይዘው በኦርኬስትራ የሚያደርጉት «ዳንስ» ተባለ፤ የዘመናዊነት ምልክትም ሆነ። አያቶቻችን ያደርጉት የነበረው ደግሞ «ባህላዊ ውዝዋዜ» ተብሎ ወደ መድረክ ተላከ።

ይህን የማነሣው የቋንቋ ትምህርት ለመስጠት አይደለም። በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪና በሆለታ በታደምኩባቸው ሠርጎች ይህ ክፍፍል ሥጋ ለብሶ ስላየሁት ነው። በአዳራሹ መጀመሪያ የሚነሡት ሙሽሮቹ ናቸው። ዝግ ያለ ሙዚቃ ይለቀቃል፤ እሱ እጁን ወገቧ ላይ፣ እሷ እጇን ትከሻው ላይ አድርገው «ዋልዝ» ይጨፍራሉ። ሚዜዎቹም ጥንድ ጥንድ ሆነው ይከተላሉ። እግራቸው አንዳች አይናገርም፤ ዓይናቸው ቪዲዮ አንሺው ላይ ነው። ሦስት ወይም አራት ደቂቃ እንዲህ ይቆያሉ። ቀጥሎ የረገዳው ከበሮ ይመታል። ያን ጊዜ ሙሽሮቹ ይቀመጣሉ፤ በኪራይ የመጡ ተወዛዋዦች አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው በሰልፍ ይገባሉ። እንግዳው ያጨበጭባል። ኋላ ሕዝቡ መነሣቱ አይቀርም፤ ነገር ግን በሠርጉ ፊልም ላይ በክብር የሚቀመጠው ያ የመጀመሪያው ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ደግሞ ሙሽሮቹ የማያውቁትን ራሳቸው ይጨፍራሉ፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁትን ሌላ ሰው ሲጨፍርላቸው ይመለከታሉ።

በበኩሌ ዋልዙን ለመንቀፍ አልተነሣሁም። የምነቅፈው የሥራ ክፍፍሉን ነው። ለመሆኑ ዋልዝ ከረገዳ ይልቅ የጥንዶች ጭፈራ የሆነው በምን መለኪያ ነው? ከረገዳ ይልቅ የከተማ የሆነውስ?

እስቲ የእነዚህን «ጨዋ» ዳንሶች የትውልድ መንደር እንጠይቅ። ዋልዝ የቤተ መንግሥት ልጅ አይደለም። በኦስትሪያና በደቡብ ጀርመን ገበሬዎች እየተሽከረከሩ ይጨፍሯቸው ከነበሩት ከሌንድለርና ከመሰሎቹ የወጣ ነው። ወደ ታላላቆቹ አዳራሾች ሲገባም በእልልታ አልተቀበሉትም። እ.ኤ.አ. በ1816 በእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ግብዣ ላይ ሲጨፈር «ዘ ታይምስ» ጋዜጣ ነውር ነው ብሎ አወገዘው። ነውሩ ሌላ ሳይሆን ወንድና ሴት ተቃቅፈው መዞራቸው ነበር።

የታንጎ ነገር ከዚህም ይከፋል። በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ በቦነስ አይረስና በሞንቴቪዴዮ የድሃ ሰፈሮች፣ ከአውሮፓ በፈለሱ ሠራተኞች፣ ከአፍሪካ በባርነት በተጋዙ ሰዎች ልጆችና ከገጠር ወደ ከተማ በገቡ ከብት ነጂዎች መካከል ተወለደ። የጥቁሮቹ ካንዶምቤ፣ የኩባው ሃባኔራ፣ የአገሬው ሚሎንጋ ሁሉም አሻራቸውን ትተውበታል። የአርጀንቲና ባለጸጎች ይጸየፉት ነበር፤ ፓሪስ ስታጨበጭብለት ነው የራሳቸው መሆኑ ትዝ ያላቸው። እ.ኤ.አ. በ1913 የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ቪልሄልም መለዮ የለበሱ መኮንኖች ታንጎ እንዳይጨፍሩ ከለከለ። ያው ታንጎ እ.ኤ.አ. በ2009 በዩኔስኮ የአርጀንቲናና የኡራጓይ ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። ቻቻቻም ቢሆን ሊቅ ያጠናው ምስጢር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ኤንሪኬ ሆሪን የተባለ ኩባዊ ቫዮሊን ተጫዋች፣ ተራው ጨፋሪ በቀላሉ እንዲከተለው አድርጎ ከዳንሶን ያወጣው ነው። እንግዲህ የሠለጠነ ምልክት ብለን የተቀበልናቸው ሁሉ የገበሬ፣ የስደተኛና የባሪያ ልጅ ጭፈራዎች ናቸው። ያው ረገዳ የገበሬ እንደሆነ ማለት ነው።

ወደ እኛ የመጡበት መንገድ ግን ሌላ ነው። እኛ ዘንድ ከላይ ወደ ታች ነው የወረዱት። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው «አርባ ልጆች» የተባሉት ወላጅ አልባ አርመኖች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የነሐስ ሙዚቃ አሰሙ። ከዚያ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የምድር ጦር ኦርኬስትራዎች ተከተሉ። በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን የአገሩን ዜማ ከላቲን ስልት ጋር እያዛመደ ያቀናብር ነበር። ሙላቱ አስታጥቄም እ.ኤ.አ. በ1966 ኒው ዮርክ ውስጥ የኢትዮጵያን ዜማ ከላቲን ምት ጋር ያገናኙ ሸክላዎችን አስቀረጸ። በራስ ሆቴልና በግዮን ሆቴል ምሽት የሚጨፍረው ግን መኮንኑ፣ ሚኒስትሩ፣ ከውጭ የተመለሰው ምሁር ነበር። ቦነስ አይረስ ላይ ከሰፈር ወደ ቤተ መንግሥት የወጣው ታንጎ እኛ አገር ከቤተ መንግሥት ወደ ሰፈር ወረደ። ስለዚህ ከመነሻው የማዕረግ ሽታ ነበረው፤ ሽታው ዛሬም አልለቀቀውም።

የምዕራቡ ሸዋ ምድር ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ከዳር ቆሞ የተመለከተ አይደለም። ዛሬ የደቡብ ምዕራብ ሸዋ ዋና ከተማ በሆነችው በወሊሶ ያደገው ጥላሁን ገሠሠ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ፊት ቆሞ ባለክራቫቶቹንና ባለረጅም ቀሚሶቹን አስጨፍሯል። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ዘፍኗል። ሰው ዳንስና ባህል ሁለት ናቸው ሲለኝ እኔ ጥላሁንን አስባለሁ። በእርሱ ድምፅ ውስጥ አጥሩ የቱ ጋ ነው?

የደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ የዳንስ ቤቶቹን ምሽት አሳጠረ። ታንጎ የሚጨፍር ሰው እያነሰ ሄደ፤ ቃሉ ግን ቀረ። ስመ ጥሩው የሸክላና የካሴት አሳታሚ ዓሊ አብደላ ኬይፋ በሕዝብ ዘንድ «ዓሊ ታንጎ» እየተባለ ነው የታወቀው። ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ ወደ ኩባ «የወጣቶች ደሴት» ለትምህርት የተላኩት በሺሕ የሚቆጠሩ ልጆች ደግሞ ስፓኝኛውንና የኩባን ጭፈራ ይዘው ተመለሱ። እነርሱ ዳንሱን ያገኙት እንደ ማዕረግ አይደለም፤ ከእኩዮቻቸው ጋር ሲጫወቱ ነው። በእኔ ግምት ልዩነቱ የሚታወቀውም እዚህ ላይ ነው፤ ከጓደኛ የተማሩት ጭፈራ ከሰውነት ይዋሐዳል፤ ለፎቶግራፍ የተማሩት ፎቶግራፍ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ወደ ረገዳ ልመለስ። በሸዋ ኦሮሞ ዘንድ ረገዳ ሲደምቅ ያየ ሰው የጥንድ ጭፈራ ምን እንደሆነ ከማንም መጠየቅ አያስፈልገውም። ወንዱ መሬቱን እየረገጠ ይዘላል፤ ሴቲቱ አንገቷን ትወዘውዛለች። ፊት ለፊት ይቀራረባሉ፣ ይሸሻሉ፣ እንደገና ይገጥማሉ። አይያያዙም። ነገር ግን እሱ ሲፈጥን እሷ ትፈጥናለች፤ እሷ ስትቀንስበት እሱ ትንፋሹን ሰብስቦ ይጠብቃታል። አንዱ ይጠይቃል፤ ሌላው ይመልሳል። ማን እንደደከመ፣ ማን እንደበለጠ ዳር የቆመው ሕዝብ በጭብጨባው ይፈርዳል። የጥንድ ጭፈራ ነፍሱ መያያዝ ሳይሆን መመላለስ ነው። የቦነስ አይረስ ሽማግሌዎችም ስለ ታንጎ ቢጠየቁ ከዚህ የራቀ የሚሉ አይመስለኝም። በእነርሱ ታንጎ ቀጣዩ እርምጃ አስቀድሞ አልተጻፈም፤ አንዱ በደረቱ ሐሳብ ያቀርባል፣ ሌላዋ በእግሯ ትመልሳለች።

ይህን ነፍስ የሚገድለው ምንድን ነው? የውጭ አገር መሆን አይደለም፤ ለትርዒት መደርደር ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1904 ያቋቋሙት የዳንስ መምህራን ማኅበር በ1924 ለአዳራሽ ዳንሶች የተለየ ክፍል ከፈተ፤ እርምጃውን ቆጥሮ፣ አቋቋሙን ለክቶ፣ የመማሪያና የፈተና ሥርዓት አበጀ። በዚህ መንገድ ዋልዝም ታንጎም ከለንደን እስከ ቶኪዮ አንድ ዓይነት ሆኑ። ትርፉ ግልጽ ነው፤ ማንም ሰው የትም ሆኖ ሊማራቸው ቻለ። ኪሳራውም ግልጽ ነው፤ የውድድሩ ታንጎ ዳኛ እንጂ ጓደኛ አያይም።

በእኛም አገር ተመሳሳይ ነገር ተደርጓል። ከቴአትር ቤቶቹ እስከ ደርግ ዘመን የቀበሌ ኪነት፣ በ1980 ዓ.ም. ብዙ አገሮችን እስከ ዞረው «ሕዝብ ለሕዝብ» ድረስ፣ የየብሔረሰቡ ጭፈራ ወደ መድረክ ሲወጣ መሰለፍ ግድ ሆነበት። ስምንት ሰው በአንድ ጊዜ አንገቱን ወደ ግራ፣ በአንድ ጊዜ ወደ ቀኝ ይጥላል። ይህ ሥራ የተናቀ አይደለም። ብዙ ጭፈራ ከመረሳት ድኗል፤ የአምቦን ረገዳ አይቶ የማያውቅ የሌላ አገር ሰው እንዲያደንቀው አድርጓል። ነገር ግን መድረክ የሚያሳየው ቅርጹን ነው፤ ምልልሱን ማሳየት አይችልም። ሁሉም አንድ ጥያቄ በአንድ ጊዜ ከጠየቀ መላሽ የለም። የሠርጉ አዳራሽ ከመድረክ የተቀበለው ይህንኑ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ረገዳ ይጠፋል የሚለው አይደለም፤ ሁሉም የሚያየው፣ ማንም ከማንም ጋር የማይጨፍረው ሆኖ እንዳይቀር ነው።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚሉ ወገኖች ዋልዙ ከነጭራሹ ይቅር ይላሉ። አልስማማም። የዳንስ ታሪክ ሁሉ የመዋዋስ ታሪክ ነው፤ ተውሶ ያልተጨፈረ ጭፈራ የለም። ወርቁ የማያደምቀው የሰው ስለሆነ ሳይሆን ሰውነታችን ሳይለካው ስለተዋስነው ነው። ዋልዝ የሚወድ ይማረው፤ ሦስቱን ቆጠራ ይወቀው፤ ዓይኑን ከካሜራው ነቅሎ ወደ ሙሽራው ይመልስ። በሌላ ወገን ደግሞ ረገዳ ላብ ያመጣል፣ የሙሽራ ልብስ ያበላሻል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ያመጣል። ግን ለአራት ደቂቃ ከማይሰማ ዋልዝ ይልቅ አንድ ደቂቃ የሚያልብ ረገዳ ስለ ሁለቱ ሰዎች ብዙ ይናገራል።

እንግዲህ የምለው አጭር ነው። የአምቦና የአካባቢዋ ሙሽሮች በሠርጋቸው ቀን ረገዳውን ለተከራዩት ሰዎች ባይለቁት ጥሩ ነበር። ከዋልዙ በፊት ይሁን በኋላ እነርሱ ይምረጡ፤ ከበሮው ሲመታ ግን ራሳቸው ይነሡ። ስሙንም አንፍራ። ረገዳ ዳንስ ነው፤ ያውም የጥንዶች።