ከመቶ ቺፕ ስንቱ ያፈሳል?

ማይክሮፍሉዊዲክስ ላብራቶሪያችን ለሚገባ አዲስ ተማሪ መጀመሪያ የማሳየው ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው። ከፀጉር ብዙም በማይሰፋ ቦይ ውስጥ ቀይና ሰማያዊ ውሃ ጎን ለጎን እለቅለታለሁ። ሁለቱ አይደባለቁም። መሐላቸው ቀጥ ያለ መስመር ተሰምሮ እስከ ቦዩ ጫፍ አብረው ይወርዳሉ። በዚያ ጥበት ውስጥ ውሃ መናወጥና መሽከርከር ስለማይችል እንደ ማር ረጋ ብሎ ነው የሚፈሰው። ቀለሙ ወደ ጎረቤቱ የሚሻገረው ሞለኪውሎቹ በራሳቸው እንቅስቃሴ ቀስ በቀስ ሲሰርጉ ብቻ ነው። ይህን ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም፤ ዛሬም ከማይክሮስኮፑ ዓይኔን መንቀል ያቅተኛል።

ቦዩ ያለበትን ቺፕ የምንሠራው በእጃችን ነው። ሲልጋርድ 184 የሚባለውን ሲሊኮን 10 እጅ፣ ማጠንከሪያውን 1 እጅ አድርገን አብረን እንመታለን። ሲመታ በአረፋ ይሞላል፤ አየር የሚመጥ ዕቃ ውስጥ ሲቀመጥ አረፋው አብጦ ይወጣና ይፈነዳል። ጥርት ሲል የቦዩ ቅርጽ ያለበት ሞልድ ላይ እናፈሰዋለን፣ ኦቨን ውስጥ ይጠነክራል፣ ልጠን እናወጣዋለን፣ መግቢያና መውጫ ቀዳዳ በስተን በኦክስጅን ፕላዝማ ከመስታወት ጋር እናጣብቀዋለን። የሃርቫርዱ ጆርጅ ዋይትሳይድስ ቡድን ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1998 ካሳተመው ወዲህ፣ ተማሪ ሰኞ የሳለውን ረቡዕ የሚሞክርበት ዘመን መጣ።

ይሄው ቅልጥፍና ግን ኩባንያ ፊት ስንቀርብ ጉድ ሠራን።

ለመድኃኒት መፈተሻ የሚሆን ቺፕ ይዘን ከአንድ ድርጅት ጋር ተዋዋልን። በመጀመሪያው ስብሰባ የፋብሪካው አንጋፋ መሐንዲስ ቺፑን ወደ መብራት ከፍ አድርገው ተመለከቱትና፣ «ከመቶ ስንቱ ያፈስባችኋል?» ሲሉ ጠየቁን። መልስ አልነበረንም። የሠራውን እንመዘግባለን፤ ያፈሰሰው ቀጥታ ወደ ቆሻሻ መጣያ ነው። ቀጥሎ የመጣው ከዚህ ይብሳል። ሲሊኮን ቅባት የሚወዱ ትናንሽ ሞለኪውሎችን እንደ ስፖንጅ ይመጥጣል፤ የምንለካው መድኃኒት ቦዩ ውስጥ ሳለ እየቀነሰ ነበር። የዊስኮንሲን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ይህንኑ ማሳየታቸውን አንብበን ነበር፤ በራሳችን ቺፕ ላይ ግን አልፈተሽነውም። ስለዚህ ወደ ጠንካራ ፕላስቲክ መሄድ ግድ ሆነ። ለስላሳ ሲሊኮን ተልጦ ይወጣል፤ ጠንካራ ፕላስቲክ ግን የቦዩ ግድግዳ ትንሽ ዘመም ካላለ ከብረት ሞልዱ አይላቀቅም። የእኛ ግድግዳዎች በሙሉ ቀጥ ያሉ ነበሩ። ስዕሉ እንደገና ሲሠራ የአንዲት ጎበዝ ተማሪ አንድ ዓመት ባከነ። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሲሊኮን ለኢንዱስትሪ አይሆንም ማለቴ አይደለም። የካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ባልደረባ የነበረው ስቲቨን ኩዌክ እ.ኤ.አ. በ2000 ከቡድኑ ጋር ያሳተመው ቫልቭ የሚሠራው ሲሊኮኑ በአየር ግፊት ጎበጥ ብሎ ቦዩን ሲዘጋው ነው። እሱ እ.ኤ.አ. በ1999 አብሮ የመሠረተው ፍሉይዳይም ያን ልስላሴ ይዞ ገበያ ገባ። እዚያ ልስላሴው የመሣሪያው ነፍስ ነበር፤ እኛ ጋ የልማድ ጉዳይ ብቻ ነበር።

ኩባንያዎችን እንደ ባዕድ የሚያዩ ባልደረቦች አሉኝ። አልስማማም። አንድሪያስ ማንዝ ሙሉ የኬሚካል ትንተናን ቺፕ ላይ የማኖር ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1990 ሲያሳትም የሚሠራው ባዝል በሚገኘው ሲባ ጋይጊ ኩባንያ ውስጥ ነበር። በውል ጉዳይ የማልደራደርበት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ፓተንት እስኪገባ ጽሑፍ ቢዘገይ ይገባኛል፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ግን መሳቢያ ውስጥ አይቆለፍም።

ከኢንዱስትሪ ጋር ለመሥራት የምታስቡ ወጣት ተመራማሪዎች፣ እባካችሁ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ስዕላችሁን ለሞልድ ሠሪ አሳዩ። ያፈሰሱትንም ቺፖች ከዛሬ ጀምራችሁ ቁጠሩ።