ሦስተኛው ድንኳን

ድንኳን በእኛ አገር ሁለት ሥራ ያለው ዕቃ ነው። ወይ ይድራል፣ ወይ ያስለቅሳል። ሰፈር ውስጥ ድንኳን ተተክሎ ያየ መንገደኛ «ምን ሆነው ነው?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ «ሊዝናኑ ነው» ብሎ አይገምትም። እኛ የከተማ ዘመዳሞችም የምንገናኘው በእነዚሁ በሁለቱ ድንኳኖች ሥር ነው። በሠርጉ ድንኳን ሙዚቃው ጆሮ ስለሚደፍን አንነጋገርም። በለቅሶው ድንኳን ደግሞ ጮክ ብሎ መጫወት ነውር ስለሆነ በሹክሹክታ «ይሄ ልጅ የማን ነው?» እንባባላለን። «የአጎትህ ልጅ ነው እኮ!» «አትለኝም! እንዲህ አደገ?» ከዚያ ስልክ እንለዋወጣለን። እስከሚቀጥለው ድንኳን ድረስ ግን ማንም ማንንም አይደውልም።

ልብ በሉልኝ፣ አማርኛችን ለአጎትና ለአክስት ልጅ አንድ ወጥ ቃል የለውም። መንገዱን መቁጠር ግድ ነው። ወላጆቻችን ግን ቆጠራውን ዘለውት ነበር፤ «ወንድሜ ነው» ብለው ይገላገላሉ። ውሸታቸውን አልነበረም። የአጎት ልጅ ለትምህርት ከገጠር መጥቶ፣ አንድ ፍራሽ ላይ ራስና እግር ሆኖ ተኝቶ፣ ከአንድ ትሪ በልቶ፣ በአንድ አለንጋ ተገርፎ አድጓል። ወንድም ያደረገው ደሙ ብቻ ሳይሆን ፍራሹም ጭምር ነው።

ዛሬ ያ ፍራሽ የለም። አያት ሲያርፉ ቤቱ ለውርስ ክፍፍል ይሸጣል፤ ካልተሸጠም ሰፈሩ ለልማት ይፈርሳል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው ኮንዶሚኒየም አንዱን ወንድም ጀሞ፣ ሌላውን የካ አባዶ አደረሰው። ቤት ያገኘ ሰው ይከፋ ማለቴ አይደለም፤ እሰየው ነው። ግን «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» ይባል የለ? አመዱ ከተበተነ አህያዋ የት ትንከባለል?

የእኛ ቤተሰብ ለዚህ ያገኘው መላ ሦስተኛ ድንኳን መትከል ነው። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በኮሮናና በመንገድ ስጋት ከቀረንባቸው ዓመታት በስተቀር፣ የልጆቹ የግማሽ ዓመት እረፍት ሲደርስ ቱሉ ጉዶ ደሴት ላይ ካምፕ እንወጣለን። ለማያውቋት፦ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛችሁ ድሮ ዝዋይ፣ ዛሬ ባቱ የምትባለው ከተማ ትደርሳላችሁ። ከዚያ በሞተር ጀልባ ደንበል ሐይቅ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ትሄዳላችሁ። ከሐይቁ አምስት ደሴቶች ትልቋ ቱሉ ጉዶ ናት፤ ስሟም በኦሮምኛ «ትልቁ ተራራ» ማለት ነው። ኮረብታዋ ላይ ደብረ ጽዮን ማርያም አለች። በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ እዚህ እንደተጠለለች ትውፊቱ ይናገራል። ነዋሪዎቹ ዛዮች ናቸው። ዓሣ ያጠምዳሉ፤ ተዳፋቱን እርከን ሠርተው ያርሳሉ። ዛይኛቸው ከስልጥኛና ከሐረሪ ቋንቋ ጋር ይዛመዳል።

«ለመዝናናት ከሆነ ላንጋኖ ምን አነሰው?» የሚል አይጠፋም። ላንጋኖ መኪና ይገባል፤ ችግሩም እሱ ነው። መኪና ባለበት ቦታ ልጆች የተጣሉ እንደሆነ አንዷ እናት ፊቷን ታጠቁርና «ተነሱ፣ ወደ ቤታችን!» ትላለች። መኪናው ይነሳል፣ ቂሙም አብሮ ተሳፍሮ ይሄዳል። ደሴት ላይ ግን እንዲህ ያለ ነገር የለም። ጀልባው የሚመለሰው በሦስተኛው ቀን ነው። ጠዋት በመንጠቆ የተቧቀሱ ሁለት የአክስት ልጆች ማታ አንድ ድንኳን ውስጥ ያድራሉ። ሌሊት ከሐይቁ ዳር ጉማሬ ሲያጉረመርም ደግሞ ጠላት የሚባል ነገር የለም፤ ተቃቅፎ መተኛት ነው። ወላጆቻችን በአንድ ፍራሽ ያገኙትን እኛ በውሃ ታጥረን ለሁለት ሌሊት እናገኘዋለን ማለት ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነገሩ ይህንኑ ይመስል ነበር። ሦስት ድንኳን፣ አንድ ድስት፣ ሁለት ባትሪ። ሽሮ ይዘን እንሄዳለን፤ ዓሣ ከዛዮቹ እንገዛለን። ትልልቆቹ ልጆች ትንንሾቹን ዓሣ መገንጠል ያስተምራሉ፤ ውሃ ሁሉም በተራ ይቀዳል። በሁለተኛው ዓመት አንዷ ትንሽ ልጅ ታላቅዋን የአጎቷን ልጅ ማንም ሳያዛት «ጋሼ» ብላ ጠራችው። እኔ ጉዞው ሠራ ያልኩት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ኮሚቴ ተቋቋመ። እናንተዬ፣ አበሻ ኮሚቴ ካቋቋመ መዋጮ አይቀርም፤ መዋጮ ካለ ደግሞ ጭማሪ አይቀርም። በአንዱ ዓመት በግ ተጨመረ። በሌላው ዓመት ጄኔሬተር፣ እሱን ተከትሎ ድምፅ ማጉያ። የቤተሰቡ ስም የታተመበት ካናቴራ መጣ። ከአሜሪካ የመጡ ዘመዶች የሚነፋ ፍራሽና የሚታጠፍ ወንበር አመጡ፤ በዓመቱ ወንበርና ፍራሽ የሌለው ቤተሰብ ጎስቋላ መሰለ። ሦስቱ ድንኳኖች ዘጠኝ ሲሆኑ አንዱ ድስት ሦስት ሆነ። ልጆቹም በትምህርት ቤታቸው ተቧደኑ፤ እንግሊዝኛው የሚቀናቸው በአንድ ወገን፣ የማይቀናቸው በሌላ ወገን። አንድ ጊዜ ጀልባውን የሚነዳልን ሽማግሌ ይህን ሁሉ ዕቃ ሲያወርዱ ቆይተው «የአንድ ሰው ልጆች ናችሁ አላችሁኝ፤ ታዲያ ድስቱን ምን ለያየው?» አሉን። ሳቅን። መልስ የሰጠ ግን አልነበረም።

በሦስተኛው የመዋጮ ጭማሪ አንድ ቤተሰብ ቀረ። «ልጆቹ ፈተና አለባቸው» ተባለ። በዓመቱም ፈተና ነበራቸው። በሦስተኛው ዓመት ማንም አልጠየቃቸውም። መቼም የእኛን ሰው ታውቁታላችሁ፤ ለባንክ «ገንዘብ የለኝም» ይላል፣ ለወንድሙ ግን አይልም። ለወንድሙ የሚለው «ልጆቹ ፈተና አለባቸው» ነው። ይሉኝታ የድህነት ካፖርት ነው፤ ደርቦት ይወጣል፣ ውስጡን አያሳይም። «እኛ እንከፍልላችኋለን» ብንላቸውስ? ባሰ! በሰው ገንዘብ የመጣ ልጅ የአጎቱ ልጅ ሲቆጣው መልስ አይመልስም። ተጣልቶ መታረቅ የማይችል ልጅ ደግሞ እንግዳ እንጂ ዘመድ አይደለም።

ከዚህ የሚብስም አለ። ለልጆቹ እሳት የምታነድ፣ ድስት የምታጥብ አንዲት ልጅ አብራን ትመጣለች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ሁሉም «ሠራተኛዋ» ይላታል። ቆጠራ ከተባለ ግን አባቷ የአንዷ አክስታችን የአጎት ልጅ ነው፤ ከገጠር የመጣችውም «እያገዘች ትማር» ተብላ ነበር። ድሮ በዚህ መንገድ የመጣ ልጅ ነበር «ወንድሜ» የሚባለው። ዛሬ ካናቴራው በስሟ አልታተመላትም። ከሚኒሶታ የመጣው ልጅ የዘመዶቹን ስም ዘርዝር ሲባል ሃያ አንድ ስም ይጠራል፤ በየጠዋቱ ሻይ የምታቀርብለት ልጅ ስም ከመካከላቸው የለም። ይህን ልጅ አልወቅሰውም። ማን አስተዋወቀውና?

«ምን ታካብዳለህ! ሦስት ቀን ለመዝናናት ነው የወጣነው፤ ማንንም አላባረርን» ይሉኛል። እውነት ነው፣ ማንም አልተባረረም። ዘመድ የሚጠፋው ተባሮ አይደለም፤ ዋጋው ከአቅሙ በላይ ሲሆንበት ዝም ብሎ ይቀራል። ለመዝናናት ብቻ ከሆነ ደግሞ ጓደኞቻችንን ይዘን መሄድ እንችላለን፤ ጓደኛ በአቅም ይመረጣል። የአጎት ልጅ ግን ያልመረጥነው ሰው ነው፤ ጥቅሙም ይኸው ነው። ለከተማ ልጅ ከራሱ የተለየ ኑሮ ያለውን እኩያውን «የእኔ ነው» እንዲል የሚያስገድደው ሌላ ነገር ብዙም አልቀረለትም። ትምህርት ቤቱ በክፍያ ለይቶታል፤ ሰፈሩም እንዲሁ። ደሴቱን ደግሞ እኛው በመዋጮ ለየነው።

የሚገርመው መድኃኒቱ በእጃችን መሆኑ ነው። እድር ስንት መንግሥት ሲለዋወጥ ጸንቶ የኖረው መዋጮውን ባለመኪናው ሳይሆን የጉልት ነጋዴዋ በምትችለው ልክ ስለሚቆርጥ ነው። ማኅበር በተራ ሲዞር ያለው ያለውን ያቀርባል፤ የሌለው ዳቦና ጠላ አቅርቦ እንደ ሌላው ተመርቆ ይሸኛል። ይህን ያወቁ አባቶችና እናቶች ልጆች ሆነን አንድ ድስት ሽሮ ማስተዳደር እንዴት ያቅተናል?

ጉዞው ይቅር የሚሉ አሉ። እኔ አልልም፤ ይልቁንም ይብዛ እላለሁ። ግን መዋጮው አቅም ባነሰው ቤተሰብ ልክ ይቆረጥ። ድስቱ አንድ ይሁን። ጄኔሬተሩ ባቱ ይቅር፤ ልጆች ጨለማ ካልፈሩ አይቃቀፉም። በየድንኳኑ ከየቤቱ አንድ አንድ ልጅ ይደር። እሳቱን በተራ እናንድደው፤ ያቺ ልጅም ተራዋ ሲደርስ ብቻ ታንድድ፤ በቀረው ጊዜ መንጠቆ ይዛ ትውረድ። ፈተና አለባቸው ለተባሉት ልጆች ደግሞ ኮሚቴው መልእክት መላኩን ይተውና አንድ ሰው በአካል ሄዶ ቡና ይጠጣ፤ ስለ ገንዘብም ትንፍሽ አይበል።

አለዚያ እነዚህ ልጆች ነገ አድገው እኛን ሲቀብሩ፣ በለቅሶው ድንኳን ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠው «ይሄ ሰውዬ የማን ልጅ ነው?» መባባላቸው አይቀርም። መልሱን የሚያውቀው ሰው ያን ጊዜ ሳጥኑ ውስጥ ነው የሚሆነው።