ከሐዘን በኋላ «ማደግ»፦ በኢንተርኔት የሚሰጥ ሕክምናን በተመለከተ የቀረበ ሂስ

ቢርጊት ቫግነር፣ ክሪስቲን ክኔቨልስሩድና አንድሪያስ ሜርከር እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት ጥናት፣ ሐዘን የጸናባቸው 55 ሰዎች የተሳተፉበትን በኢንተርኔት የሚሰጥ ሕክምና ይመረምራል። ታካሚው ለአምስት ሳምንታት፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ለ45 ደቂቃ ያህል ይጽፋል፤ ባለሙያውም በጽሑፍ ይመልስለታል። በመጀመሪያ የሞቱን ሁኔታ ይተርካል፤ ቀጥሎ ተመሳሳይ ሐዘን ለደረሰበት ምናባዊ ወዳጅ የማጽናኛ ደብዳቤ ይጽፋል፤ በመጨረሻም ያለፈውንና የወደፊቱን የሚያያይዝ ደብዳቤ ያዘጋጃል።

የዘዴው ጠቀሜታ አያጠያይቅም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ ፊት ለፊት መናገር ያቃተው ሰው በጽሑፍ ሊገልጸው ይችላል። ሕክምናውን ያገኙት ወረፋ ይጠብቁ ከነበሩት ይልቅ «ከጉዳቱ በኋላ አድገናል» ማለታቸውንም ጥናቱ ይገልጻል።

ጥያቄያችን የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። ታካሚው ወዳጁን እንዲያጽናና፣ በሐዘኑም ውስጥ ትርጉም እንዲፈልግ ከተመራ በኋላ ትርጉም አግኝቶ እንደሆነ ቢጠየቅ፣ መልሱ የተማረው ትምህርት ሊሆን አይችልምን? በዚያው ጥናት ለወደፊቱ ያለው ብሩህ ተስፋ አለመለወጡም ጥርጣሬውን ያጠናክራል። ፓትሪሺያ ፍሬዚየርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ከጉዳቱ በፊትና በኋላ መዝነው፣ ሰዎች «አድገናል» የሚሉት ከተመዘነው ለውጥ ጋር በአብዛኛው እንደማይገናኝ አሳይተዋል።

ነገሩ ለእኛ ባለሙያዎች ባዕድ አይደለም። ዕድገትን ለመለካት በብዛት የሚያገለግለው፣ ቴዴስኪና ካልሁን እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጡት 21 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ ስለ መንፈሳዊ ለውጥም ይጠይቃል። ልጇን የቀበረች እናት ግን እንዴት ነሽ ስትባል «ተመስገን» ትላለች፤ ቃሉ እምነትና ጨዋነት እንጂ የመዳን ምስክር ላይሆን ይችላል። መጠይቁ እንዳለ ቢተረጎም ይህን ምላሽ በዕድገት ሊመዘግበው ይችላል።

ስለዚህ ሕክምናው በኢንተርኔትም ሆነ በክፍል ውስጥ ቢሰጥ፣ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው እንቅልፍ መመለሱ፣ ምግብ መበላቱ፣ ሥራ መጀመሩ፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብ መኖር አለመኖሩ ነው። ዕድገት በራሱ ጊዜ ቢመጣ መልካም ነው። የሕክምና ግብ ሆኖ ከተቀመጠ ግን ያላደገው ሐዘንተኛ በሐዘኑ ላይ ኃፍረት ይጨመርበታል፤ ይህንንም ሸክም የምናሸክመው እኛ ባለሙያዎች እንሆናለን።